ያልተጻፈው ደብዳቤ

በፌብሩዋሪ ጠዋት ኦቤትስ ገና አልነጋም። በአለም ክሪክ ድራይቭ ዳር፣ አዲስ መጋዘን በሚቆምበት ሜዳ ላይ፣ ፎርማኑ የፒካፑን ሞተር ሳያጠፋ ወርዶ በጫማው ጫፍ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል። መሬቱ ጠጥሯል። በረዶ በያዘው አፈር ላይ ኮንክሪት አይሞላም፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ውሃው ከቀዘቀዘ ወለሉ ይበላሻል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ አፈሩ ከሥሩ ይሰምጣል። ስለዚህ ፎርማኑ ስልኩን ያወጣና ለኮንክሪት አቅራቢው፣ ለፓምፑ ባለቤትና ለሠራተኞቹ አለቃ ይደውላል። ሁሉም «እሺ» ይሉታል። ወደ መኪናው ተመልሶ ማሞቂያውን ከፍ ያደርጋል። ቀኑ እንዲሁ አለፈ።

በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ጠዋት ብርቅ አይደለም። ኦቤትስ ከኮሎምበስ በስተ ደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በ2020 ቆጠራ (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር እዚህ ያለው ቀን ሁሉ የፈረንጅ ነው) ነዋሪዎቿ 5 ሺህ ተኩል ገደማ ነበሩ። የ270 ቀለበት መንገድና የሪከንባከር አየር ማረፊያ ቅርብ ስለሆኑ ሜዳዋ መጋዘን ያበቅላል። ከእኛ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ እነዚህን ሕንፃዎች የሚያውቋቸው ከውስጥ ነው፣ በሌሊት ሺፍት ሳጥን እያነሡ። በግንባታው በኩል የገቡም አሉ፤ ድራይዎል የሚሰቅል፣ ቀለም የሚቀባ፣ የማጠናቀቂያ ጽዳት የሚረከብ፣ ሁለት ቫን ገዝቶ ንዑስ ተቋራጭ ነኝ የሚል። ያ የቀዘቀዘ ጠዋት ዞሮ ዞሮ የአንድ ሰው ኪስ ላይ ያርፋል። የማን ኪስ እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ በረዶው አይደለም።

መጋዘን ሲሠራ መጀመሪያ ወለሉ ይሞላል። ግድግዳዎቹ እዚያው ወለል ላይ ተጋድመው ይሞላሉ፤ ሲጠነክሩ በክሬን ይነሣሉ። ግድግዳ ሳይነሣ የጣራ ብረት አይገጠምም፣ ብረቱ ሳይገጠም ጣራው አይለብስም፣ ጣራው ሳይለብስ ድራይዎል የሚሰቅል ሰው ሥራ የለውም። ወለሉ አንድ ሳምንት ከዘገየ ሁሉም አንድ ሳምንት ይዘገያል። የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ግን አንድ ሳምንት ቢዘገይ ማንም ላያስተውለው ይችላል። ይህን ልዩነት በቀመር ያስቀመጡት በ1957 የዱፖንት ኩባንያው ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያው ጀምስ ኬሊ ናቸው። ሙያተኞች «ክሪቲካል ፓዝ» የሚሉት ይኸው ነው፤ አንዱ ሲዘገይ መጨረሻውን የሚያዘገይ የሥራዎች ሰንሰለት። ዛሬ በየትኛውም ትልቅ ውል ላይ «ዘገየሁ፣ ጊዜ ጨምሩልኝ» የሚል ተቋራጭ መጀመሪያ የሚጠየቀው የዘገየው ሥራ እዚህ ሰንሰለት ላይ አለ ወይ ተብሎ ነው። ከሌለ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ጊዜ አያስገኝለትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የመዘግየቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። አሠሪው ቦታውን በጊዜ ካላስረከበ ወይም ንድፉን ካበላሸ ተቋራጩ ጊዜም ገንዘብም ይገባዋል። የአየር ጠባይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ ገንዘብ አይሰጠውም። ጥፋቱ የራሱ ከሆነ ቅጣቱን ይከፍላል። አሠሪውም ተቋራጩም በአንድ ሰሞን አጥፍተው ከሆነ ጠበቆች ይበላሉ። የአየር ጠባይ እንኳ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የኦሃዮ መንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በመደበኛ ውሉ ውስጥ ለየወሩ በአየር ጠባይ ይባክናሉ ተብለው የሚጠበቁ የሥራ ቀናት ሠንጠረዥ አለው፤ ለጃንዋሪ 8 ቀን፣ ለጁላይ 4። በጃንዋሪ ውስጥ ስምንት ቀን በበረዶ ከባከነ ተቋራጩ አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው፤ ጊዜ መጠየቅ የሚችለው ከዚያ ላለፈው ነው። ኦቤትስ ላይ መሬት ይቀዘቅዛል ብሎ መደንገጥ በውል ፊት አያስኬድም።

ከኮሎምበስ በ23ኛው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲነዱ ፓይክተን የምትባል መንደር አለች። በ2007 ቡን ኮልማን የተባለ ተቋራጭ የመንደሯን የመንገድ ማሻሻያ በ683,300 ዶላር ለመሥራት ተዋዋለ። የተሰጠው ጊዜ 120 ቀን ነበር። ለሚዘገይበት ለእያንዳንዱ ቀን 700 ዶላር እንደሚቀነስበትም ፈርሟል። በኋላ ማለቂያው እስከ ሜይ 30፣ 2008 ተራዘመለት። ሥራው የተጠናቀቀው ከዚያም 397 ቀን ቆይቶ ነው። መንደሯ 397ን በ700 አባዝታ 277,900 ዶላር ያዘችበት፤ ይህም ከጠቅላላው የውል ዋጋ 40 በመቶ ይበልጣል።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድምሩን አይቶ ደነገጠ፤ ይህ ካሳ ሳይሆን ቅጣት ነው፣ ቅጣት ደግሞ በውል አይፈጸምም አለ። ጉዳዩ ኮሎምበስ ወዳለው የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ። በ2016 የተሰጠው ውሳኔ የይግባኝ ሰሚውን ሻረ። የሚታየው ድምሩ አይደለም፤ ተዋዋዮቹ በፈረሙበት ቀን ሆነው በቀን 700 ዶላር ምክንያታዊ ግምት ነበር ወይ የሚለው ነው። ከዘገየ በኋላ ወደ ኋላ ተመልክቶ «በዛ» ማለት አይቻልም። ድምሩን ያበዛው የቀኑ ብዛት ነው፤ ቀኑን ያበዛው ደግሞ ተቋራጩ።

ይህን ቁጥር ወደ አገር ቤት ወስዶ ማየት ያስደንቃል። በኢትዮጵያ ፌዴራል መንግሥት ግዥ መደበኛ ውሎች የተለመደው የመዘግየት ቅጣት በቀን የዋጋው አንድ ሺህኛ ነው፤ ጣሪያውም 10 በመቶ። የፓይክተን መንገድ በዚህ ደንብ ቢዳኝ ኖሮ በቀን 683 ዶላር ይሆናል፤ ከ700 ጋር የሚቀራረብ ነው። ልዩነቱ ጣሪያው ላይ ነው። በመቶኛው ቀን ቅጣቱ 68,330 ላይ ደርሶ ይቆማል። የቀሩት 297 ቀናት በቅጣት በኩል ነፃ ናቸው። ውሉ ጣሪያው ላይ ሲደረስ አሠሪው ማቋረጥ ይችላል ይላል። ግን የትኛው አሠሪ ያቋርጣል? ሲያቋርጥ አዲስ ጨረታ ያወጣል፣ ብረትና ሲሚንቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደጨመሩ ያያል፣ አዲሱ ተቋራጭ የቀድሞውን ዋጋ እጥፍ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ይታገሣል፤ ተቋራጩም እንደሚታገሠው ያውቃል። ከመቶኛው ቀን በኋላ ሁለቱም ወገን ውሉን መሳቢያ ውስጥ ከትተው በስብሰባና በቃለ ጉባኤ ይቀጥላሉ። አገር ቤት ቆመው የቀሩ ሕንፃዎች ሲታዩ ሰው ሙስናን ይጠረጥራል፤ መጠርጠሩም አይከፋም። ግን ይህ ተራ ሒሳብም ሥራውን ይሠራል።

የኦሃዮው መንገድ ይሻላል ለማለት ግን አልቸኩልም፤ እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ የተደረገውን ሌላ ጉዳይ ያነበበ ሰው አይቸኩልም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለፊሸር የቢዝነስ ኮሌጅ ሕንፃዎች ያሠራ ነበር። ከፊሉን፣ ሦስት ሕንፃዎችን፣ ዱጋን ኤንድ ሜየርስ የተባለ ተቋራጭ በዋና ተቋራጭነት ወሰደ፤ የሌሎቹን ተቋራጮች ሥራ ማስተባበርም ኃላፊነቱ ነበር። የንድፉ ወረቀቶች ግን ችግር ነበረባቸው። ተቋራጩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማብራሪያ ጥያቄዎች ላከ። አርክቴክቱ ማሻሻያ በማሻሻያ ላይ ላከ። ሥራው ዘገየ። ውሉን የተዋዋለው የኦሃዮ ግዛት ተቋራጩን አጥፊ አድርጎ የመዘግየት ካሳ ያዘበት፤ ተቋራጩም በበኩሉ ከሰሰ። ክርክሩ ለሰሚ ቀላል ይመስላል። ንድፉ የእናንተ ነው፣ ስሕተቱ የእናንተ ነው፣ የዘገየሁት በእናንተ ነው። ለዚህ ክርክር መሠረት የሆነው ደንብ ከ1918 ጀምሮ አለ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብሩክሊን የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ግንባታ ጉዳይ ላይ፣ በስፒሪን ክስ፣ ንድፍ የሚሰጥ አሠሪ ለንድፉ ደህንነት ዋስ ነው ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለተቋራጩ ሚሊዮኖች ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው። በ2007 የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚውን አጸና። ምክንያቱ ደብዳቤ ነው። በውሉ መሠረት የጊዜ ማራዘሚያ የሚፈልግ ተቋራጭ ምክንያቱ በመጀመሪያ ከታየበት ቀን አንስቶ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ተቋራጩ በዚያ መንገድ አልጠየቀም። «ግዛቱ ንድፉ እንደተበላሸ ያውቅ ነበር፣ በየስብሰባው እናወራው ነበር» አለ። ፍርድ ቤቱ ማወቅ ሌላ፣ በውሉ መንገድ መጠየቅ ሌላ ነው አለ። የስፒሪን ደንብም ለመዘግየት አይዘረጋም፤ የሁለቱ ወገኖች መለኪያ የፈረሙት ወረቀት ነው። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አልነበረም፤ የተቃወመም ነበር። እኔም ከተቃወመው ወገን ጋር ልቆም ይከጅለኛል። በንድፍ ስሕተት ማዕበል ውስጥ የሚዋኝ ሰው በየ10 ቀኑ ደብዳቤ እንዲጽፍ መጠየቅ የሥራውን ባሕርይ አለማወቅ ነው። ሆኖም የእኔ መከጀል ማንንም አያድንም። ያ ፍርድ በኦሃዮ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ተቋራጭ ደንበኛ ያለው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው።

ማሳወቂያው የሚጠየቅበት ጊዜ ከውል ውል ይለያያል። የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት መደበኛ ውል 21 ቀን ይሰጣል። አገር ቤት በትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚሠራበት፣ ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው ውል፣ የ1999 «ቀይ መጽሐፍ»፣ 28 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ ካለፈ ጊዜም ገንዘብም የለም ይላል። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ለማስጠንቀቂያ ባዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን መጀመሪያ ሌላውን እንዲያስጠነቅቅ ያዛል። የደብዳቤው ሕግ ከአገር ስንወጣ የጠበቀን አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ከባድ የሆነብን ልማዱ ነው። ሳይት ላይ ከሰውየው ጋር ቡና ጠጥተህ፣ ቦታው እንዳልተጸዳ አብራችሁ አይታችሁ፣ ማታ ቤት ገብተህ «በዛሬው ዕለት ቦታውን ስላልተረከብኩ የጊዜ ማራዘሚያ መብቴን እጠብቃለሁ» ብለህ መጻፍ ክስ የመመሥረት ያህል ይመስላል። ይሉኝታ ይይዛል። አሜሪካዊው የሳይት ማናጀር ግን ያንን ደብዳቤ ሲቀበል ፋይል ውስጥ አስገብቶ በማግሥቱ እንደተለመደው ሰላም ይልሃል። ለእሱ እንደ አየር ትንበያ ነው።

አገር ቤት ውስጥ የመዘግየት ምክንያት ተብሎ በሪፖርት ሁሉ የሚነበብ አንድ ሐረግ አለ፤ የወሰን ማስከበር ችግር። መንገዱ የሚያልፍበት ቤት አልፈረሰም፣ ካሳው አልተከፈለም፣ የመብራት ምሰሶው አልተነሣም። ይህ በውል ቋንቋ የአሠሪው መዘግየት ነው፤ ተቋራጩ በጊዜው ከጻፈ ጊዜም ገንዘብም ያስገኝለታል። ጠንቃቃው ተቋራጭ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጽፋል፤ መሐንዲስ ቀጥሮ መጻፍ ብቻ የሚያሠራም አለ። ሌላው ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ያቀርብና ቀኑ አልፎበት ይሸነፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ማንም ያላጠፋበት መዘግየት ነው። የግልገል ጊቤ 2ን ዋሻ ያስታውሱ። ግድብ የለውም፤ ከጊቤ 1 የወጣውን ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተራራውን አቋርጦ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያወርድ 420 ሜጋ ዋት ጣቢያ ነው። ሥራው በ2004 ለጣሊያኑ ኩባንያ ለሳሊኒ ያለ ጨረታ ተሰጠ። ዋሻ ሲሆን ክሪቲካል ፓዝ ለማግኘት ቀመር አያስፈልግም፤ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው። በኦክቶበር 2006 መቆፈሪያው ማሽን ያልተጠበቀ የተሰባበረ አለት ውስጥ ገባ፤ በከፍተኛ ግፊት የመጣ ጭቃ ያንን ግዙፍ ማሽን ወደ ኋላ ገፋው። በ2007 ይጠናቀቃል የተባለው ጣቢያ የተመረቀው በጃንዋሪ 2010 ነው። ከምረቃው ከ10 ቀን ገደማ በኋላ የዋሻው ክፍል ተደረመሰ፤ ጣቢያው ወደ ሥራ የተመለሰው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

ከመሬት በታች ያለው የማን ነው? የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ ልምድ ያለው ተቋራጭ አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችለው አለት ከገጠመው ጊዜና ወጪ ይሰጠዋል። የዚያው የፊዲክ «የብር መጽሐፍ» ደግሞ ሁሉንም በተቋራጩ ላይ ይጭናል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይንራል። ሁለቱም ሥርዓት ያለው ምርጫ ነው። ምርጫው ግን መሬቱ ከመከፈቱ በፊት መደረግ አለበት፤ ጨረታ ሲኖር ደግሞ ተጫራቾች በዋጋቸው ውስጥ ያንን ፍርሃት ቆጥረው ያሳያሉ። ያለ ጨረታ የሚሰጥ ሥራ ያንን ማሳያ ያሳጣል። የአባይ ግድብ ሌላ ነገር ያሳያል። የመሠረት ድንጋዩ ኤፕሪል 2፣ 2011 ሲቀመጥ የግንባታው ሥራ በሳሊኒ እጅ ነበር፤ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራውን ደግሞ የመንግሥት ድርጅት የሆነው ሜቴክ ያዘው፣ በ2018 መንግሥት እስኪነጥቀው ድረስ። ሁለት ተቋራጮች በአንድ ግድብ ላይ ሲሠሩ አንደኛው ሲዘገይ ሌላው ይጠብቃል፤ በፊዲክ ደንብ ደግሞ የአሠሪው ሌላ ተቋራጭ ያዘገየው ሰው ጊዜ የሚጠይቀው ከአሠሪው ነው። የሜቴክ መዘግየት በዚህ አደረጃጀት የአሠሪው ዕዳ ይሆናል። የመጀመሪያው ተርባይን በፌብሩዋሪ 2022 ዞረ፤ ግድቡ የተመረቀው ሴፕቴምበር 9፣ 2025 ነው።

በኮሎምበስ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መዘግየት ደግሞ አለ። ኢንቴል በሊኪንግ ካውንቲ፣ በኒው አልባኒ፣ የቺፕ ፋብሪካ እንደሚሠራ በጃንዋሪ 2022 አስታወቀ። በሴፕቴምበር ፕሬዝዳንት ባይደን መጥተው መሬቱ ተቆፈረ። ምርት በ2025 ይጀመራል ተብሎ ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 ድርጅቱ የመጀመሪያውን ፋብሪካ ማጠናቀቂያ ወደ 2030፣ ሥራ መጀመሪያውን ወደ 2030 ወይም 2031 እንደገፋው ተናገረ። እዚህ ላይ የዘገየ ተቋራጭ የለም። ባለቤቱ ገበያውን አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ያንን ማድረግ ይችላል። ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ ሥራውን የማቆምና የማቀዝቀዝ መብት ይሰጡታል፤ ተቋራጩ ለቆመበት ጊዜ ካሳ ይጠይቃል። ከዋናው ተቋራጭ በታች በሦስተኛ ደረጃ ባለው ንዑስ ተቋራጭ፣ ሥራ ይመጣል ብሎ ሦስተኛ ቫን በብድር በገዛው ሰው እጅ ግን ካሳ የሚጠይቅበት ወረቀት የለም።

ወደ እሱ ልመለስ፤ ኦቤትስ ላይ ድራይዎል ወደሚሰቅለው። ከዋናው ተቋራጭ ጋር የተፈራረመው ወረቀት ምናልባት አራት ገጽ ነው። ከአራቱ ገጽ በአንዱ ላይ ዋናው ውል ለእሱም እንደሚሠራ ተጽፏል። ያንን ዋና ውል ግን አላየውም። የ10 ቀኑም ሆነ የ21 ቀኑ ማሳወቂያ ግዴታ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ወደ እሱ ወርዷል። ሌላ ገጽ ላይ «በመዘግየት ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ካሳ አይጠየቅም» የሚል ሊኖር ይችላል። ይህኛው ሲያነቡት የሚያስፈራውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ከ1998 ጀምሮ የኦሃዮ ሕግ አሠሪው ወይም ዋናው ተቋራጩ በራሱ ድርጊት ላመጣው መዘግየት እንዲህ ያለውን ሐረግ ዋጋ ያሳጣዋል። ሌላም የሚረዳው ሕግ አለ። ዋናው ተቋራጭ ለእሱ ሥራ ክፍያ ከተቀበለ በ10 ቀን ውስጥ ሊከፍለው ይገባል፤ ካልከፈለው በዓመት 18 በመቶ ወለድ ይቆጠራል።

እነዚህን ሁሉ ማግኘት የሚችለው ግን ቀኖቹን የያዘ ሰው ነው። በግል ፕሮጀክት ላይ የሥራ መጀመሪያ ማስታወቂያ በካውንቲው ተመዝግቦ ከሆነ፣ ከባለቤቱ ጋር በቀጥታ ያልተዋዋለ ንዑስ ተቋራጭ ሥራ በጀመረ በ21 ቀን ውስጥ «እኔም እዚህ እየሠራሁ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለባለቤቱ መላክ አለበት። ካልላከ ለሠራው ሥራ ሕንፃውን በዕዳ የማስያዝ መብቱ ሊያመልጠው ይችላል። ለንግድ ሕንፃ የዕዳ መያዣውን የሚያስመዘግበው የመጨረሻ ሥራውን ከሠራበት ቀን አንስቶ በ75 ቀን ውስጥ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት በ60።

በኦሃዮ የንዑስ ተቋራጩ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ውስጥ ነው። ሱፐርኢንተንደንቱ «ሦስተኛውን ክፍል ሰኞ እንሰጥሃለን» ብሎ በቴክስት የላከው አለ። ለቡድኑ በአማርኛ የላከው የድምፅ መልእክትም አለ፤ «ልጆች፣ ዛሬም ጣራው አልተሸፈነም፣ አትምጡ» የሚል። የመጀመሪያው ቀን ስላለው ለማስረጃ ያገለግል ይሆናል። ውሉ «በጽሑፍ፣ ለእገሌ፣ በእገሌ አድራሻ» ካለ ግን ማስረጃ ነው እንጂ ማሳወቂያ አይደለም። ሁለተኛው ለራሱ ልጆች የተላከ ስለሆነ ማሳወቂያ ሊሆን አይችልም። ያው ሰው በዚያው ጠዋት፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ በሦስት መስመር ኢሜይል ቀኑን፣ ያልተሸፈነውን ክፍልና የሚጠይቀውን ተጨማሪ ቀን ለዋናው ተቋራጭ ፕሮጀክት ማናጀር ቢልክ፣ ውሉ ኢሜይልን ከፈቀደ፣ ከዱጋን ኤንድ ሜየርስ የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ካልፈቀደ ፖስታ ቤት ሄዶ ደረሰኝ ባለው ደብዳቤ ይልካል። የዕዳ መያዣው 75 ቀን ደግሞ ለብቻው ይሮጣል፤ ቀለም ለማስተካከል ተመልሶ የሚመጣበት ቀን በአብዛኛው አዲስ የመጨረሻ ቀን ሆኖ አይቆጠርለትም።